ቅሬታ ይዞ የቱን በር ማንኳኳት? ለጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የቢሮና የድጋፍ ንጽጽር

ሴሚስተር ሊያልቅ ሲል ማራኪ አካባቢ ሻይ ቤት ብትቀመጡ ምክር በነፃ ነው። አንዱ «ኮምፕሌን አድርግ» ይላል። ሌላው «ለተማሪዎች ህብረቱ ንገራቸው» ይላል። ሦስተኛው ስልኩን አውጥቶ «ፌስቡክ ላይ ልቀቀውና እያቸው» ይላል። ጥግ ላይ የተቀመጠችው ደግሞ «መጀመሪያ ትንሽ ተኛና ተነሳ» ትለዋለች። እኔ ከአራቱ የመጨረሻዋን ነው የምወዳት። ግን ሁሉም ምክሮች ትክክል የሚሆኑበት ጉዳይ አለ። ጣጣው የትኛው ለየትኛው እንደሆነ የሚነግር ሰው መጥፋቱ ነው።

እዚህ ከተማ ከተማሪ ጋር የኖረ ሰው ደጋግሞ የሚያየው ነገር አለ። ተማሪው ጉዳዩን ሊወስንለት ወደሚችል ሰው አይወስድም። ወደሚያዳምጠው ሰው ይወስዳል። ፕሮክተሯ፣ የዶርም ተቆጣጣሪዋ፣ ደግ ስለሆነች የግሬድ ነገር ለእሷ ይነግራታል። የህብረቱ ተወካይ የአገሩ ልጅ ስለሆነ የቅጣት ይግባኙን ለእሱ ያወራዋል። ሁለቱም አዳምጠው ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። በዚህ መሃል የይግባኙ ቀን ያልፋል።

የሚያዳምጥ ሰው ያስፈልጋል፤ እመለስበታለሁ። ግን የሚያዳምጥ ሰው ቅጣት አያነሳም። የሚወስነው ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ወረቀት ነው የሚያነበው፤ ፊታችሁን ለማየት እንኳ ጊዜ የለውም። ስለዚህ ሁለት በር ያስፈልጋችኋል፣ አንዱም የሌላውን ሥራ አይሠራም።

ከዚያ በፊት ግን ራሳችሁን አንድ ነገር ጠይቁ። መጨረሻ ላይ እጄ ላይ ምን እንዲኖር ነው የምፈልገው? የተስተካከለ ግሬድ? የተነሳ ቅጣት? የሚያስቸግረኝ ሰው ከአጠገቤ መራቁ? ወይስ ሌሊት እንቅልፍ? መልሱ ሲለያይ በሩም ይለያያል።

ግሬድ ከሆነ

መጀመሪያ መምህሩ። ይህን የሚዘልል ተማሪ ብዙ ነው፣ በተለይ መምህሩ ፊቱ የማይፈታ ከሆነ። ግን የምትሄዱት ለማልቀስ ሳይሆን ዝርዝሩን ለማየት ነው። ቴስት ስንት፣ አሳይመንት ስንት፣ ሚድ ስንት፣ ፋይናል ስንት። የመደመር ስህተት፣ ሳይመዘገብ የቀረ አሳይመንት፣ ኤንጂ (ግሬድ ያልተሰጠው) ሆኖ የተንጠለጠለ ኮርስ፣ እነዚህ ሁሉ እዚያው ሊያልቁ የሚችሉ ናቸው። «ቲቸር፣ ለምን ሲ ሰጡኝ?» ካላችሁ መልሱ «የሠራኸው እሱን ነው» ይሆናል። «ሚዴ ወረቀቱ ላይ 24 ነው፣ ማርክ ሊስቱ ላይ 14 ተሞልቷል» ካላችሁ ግን መምህሩም ሊስቱን ይከፍታል። ለዚህ ነው የተመለሰ የፈተና ወረቀት የማይጣለው።

የምትከራከሩት ስለ ድምር ሳይሆን ስለ እርማቱ ከሆነ ትምህርት ክፍሉ ይሻላል። «መልሴ ትክክል ነው፣ ዜሮ ነው የተሰጠኝ» የሚል ነገር ማለት ነው። እዚህ በቃል ሳይሆን በማመልከቻ ነው የሚኬደው። ትምህርት ክፍሉ ወረቀቱን ሌላ ሰው እንዲያየው ሊያደርግ ይችላል። ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ሌላ ሰው ያየው ወረቀት ሊወርድም ይችላል። ሁለተኛ፣ የግሬድ ቅሬታ የሚቀርብበት ገደብ የሚቆጠረው በቀናት ነው። ቀኑ የዩኒቨርሲቲው ሴኔት ሌጅስሌሽን፣ ማለትም የውስጥ ደንቡ፣ ላይ ተጽፏል። «ከዕረፍት ስመለስ እጠይቃለሁ» ያለ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ የሚጠይቀው «ለምን አለፈኝ?» ብሎ ነው።

ሬጂስትራር ደግሞ ጠዋቱን ሙሉ በሰልፍ የምታባክኑበት መስኮት ነው። ሬጂስትራር የተላከለትን ይመዘግባል እንጂ ግሬድ አይፈርድም። ከትምህርት ክፍሉ የተፈረመ ወረቀት ይዛችሁ ካልመጣችሁ ምንም ሊያደርግላችሁ አይችልም፤ ባታናድዱትም ጥሩ ነው።

የተማሪዎች ህብረቱስ? ለአንድ ሰው ግሬድ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ብዙም አይጠቅምም። ሴክሽኑ ሁሉ ከተጎዳ ግን ከማንም በላይ ይጠቅማል። ያልተማራችሁት ምዕራፍ ፈተና ላይ ከመጣ ወይም ግማሹ ክፍል ኤፍ ከበላ፣ አርባ ሰው በየፊናው መምህሩን ከሚያስጨንቅ በህብረቱና በክፍል ተወካዩ በኩል አንድ ደብዳቤ ቢገባ ይሻላል። የብዙ ሰው ጉዳይ ሲሆን ዲኑም ዝም ብሎ ሊያልፈው ይከብደዋል።

ታሞ ፈተና መግባት ወይስ ዊዝድሮው?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ልጅ የሚወድቀው እዚህ ነውና።

ፋይናል ሳምንት ነው እንበል። ተማሪዋ ከታመመች ቆይታለች። አትበላም፣ አትተኛም፣ ክፍል ከገባች ሰንብታለች። ቤተሰብ ተቸግሮ ነው የላካት። ሁለት ምርጫ አላት። አንዱ ጥርስ ነክሶ ፈተና መግባት ነው። ሌላው ዊዝድሮው፣ ማለትም ትምህርቱን በይፋ ለጊዜው የማቋረጫ ቅጽ፣ ሞልቶ ወደ ቤት መመለስ።

አብዛኛው ሰው የመጀመሪያውን ይመርጣል። ምክንያቱ ትምህርት አይደለም፣ ሀፍረት ነው። «ሰፈር ሰው ምን ይላል? ተባረረች ይላሉ።» ከዚያ ገብታ ትፈተናለች፣ ውጤቱ ይበላሻል፣ ኤዲ (በውጤት ምክንያት መሰናበት) ይመጣል። ያኔ የሐኪም ወረቀት ፍለጋ ይጀመራል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ከፈተና በፊት የገባ የሕክምና ማስረጃ ምክንያት ይባላል። ከኤዲ በኋላ የመጣው ግን ሰበብ ነው የሚመስለው፤ እውነት ቢሆንም እንኳ።

ሁለቱን ጎን ለጎን ካስቀመጥናቸው እንዲህ ነው። ጉንፋን፣ የአንድ ቀን ትኩሳት ወይም ድንገተኛ ሐዘን ከሆነ ዊዝድሮው ይበዛል። ከፈተናው በፊት፣ ካልተቻለ በማግስቱ፣ ክሊኒክ ሄዳችሁ ማስረጃ አውጡና ለትምህርት ክፍሉ በጽሑፍ አሳውቁ፤ የሜካፕ (የምትክ) ፈተና ጠይቁ። ሕመሙ ሳምንታት ከፈጀ፣ የቀረባችሁ ክፍል ብዙ ከሆነና አንድ ገጽ አንብባችሁ መጨረስ ካቃታችሁ ግን ዊዝድሮው ይሻላል ባይ ነኝ። አንድ ሴሚስተር ወይም አንድ ዓመት ይወስዳል። ግን ሲጂፒኤያችሁ (የውጤት አማካያችሁ) ሳይበላሽ ትመለሳላችሁ። ለመመረቅ 2.00 ያስፈልጋል፤ አንድ የተበላሸ ሴሚስተር ያንን ለማካካስ ሦስት ጥሩ ሴሚስተር ሊያስወጣ ይችላል።

ሦስተኛው መንገድ ደግሞ አለ፤ እባካችሁ እሱን አትምረጡ። ሻንጣ ይዞ ለማንም ሳይናገሩ ወደ አውቶቡስ መናኸሪያ መሄድ። ቅጽ ያልሞላና ክሊራንስ (ዕቃ የማስረከቢያ ወረቀት) ያልጨረሰ ተማሪ ወረቀት ላይ «ጠፋ» ነው የሚባለው። ሪአድሚሽን፣ ማለትም ተመልሶ መግባት፣ ሲጠይቅ «የት ነበርክ?» ይባላል፣ ማሳየት የሚችለው ነገር የለውም። ቅጹን ሞልቶ መውጣት ግማሽ ቀን ነው የሚፈጀው። ለቤተሰብ ደግሞ ከመሳፈራችሁ በፊት ደውሉ። በአካል በር ላይ ከሚያዩዋችሁ በስልክ ቢሰሙት ይቀላቸዋል።

የዲስፕሊን ክስ ሲመጣባችሁ

ዶርም ውስጥ ጠብ፣ ፈተና ላይ አጤሬራ፣ የጠፋ ንብረት፣ ከጥበቃ ጋር ግብግብ። ክሱ ምንም ይሁን፣ መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይቅርታ ልጠይቅ ወይስ ልከራከር?

ካደረጋችሁት፣ ጉዳዩም ቀላል ከሆነ፣ ቶሎ የገባ የይቅርታ ደብዳቤ ብዙ ነገር ያበርዳል። ግን ይቅርታ ማመን መሆኑን አትርሱ። «ለማንኛውም ይቅርታ ብያለሁ» የሚባል ደብዳቤ የለም። ያላደረጋችሁትን ነገር «ፈርምና ይለቁሃል» የሚላችሁ ሰው ሊጠቅማችሁ ፈልጎ ይሆናል፤ ፊርማው ግን ፋይል ውስጥ ይቀራል። ቃላችሁን ስትሰጡ ያነበባችሁትን ብቻ ፈርሙ። ያልተስማማችሁበት መስመር ካለ ከፊርማችሁ በላይ በእጃችሁ ጻፉት።

ከተከራከራችሁ ደግሞ ክሱን በጽሑፍ ጠይቁ። ምን አደረግህ ተባልኩ፣ መቼ፣ የት፣ የትኛውን ደንብ ጣስኩ? የከፍተኛ ትምህርት ጉዳይ የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 1152/2011 ነው፤ የየግቢው መመሪያም ከዚያ ሥር ነው። ሌላው ብዙ ተማሪ የማያውቀው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ነው። የፌዴራል አስተዳደር ተቋማት በሰው መብት ላይ ሲወስኑ ሰውየውን እንዲሰሙት፣ ውሳኔውንም በጽሑፍና ከነምክንያቱ እንዲሰጡ ያዛል። የአዋጁን ቁጥር ማመልከቻ ላይ መጥቀስ ተአምር አይሠራም። ግን «በቃል ነግረንሃል» የሚለውን መልስ ቶሎ ያስቀራል።

አሁን ማን ይርዳኝ? የህብረቱ ተወካይ የኮሚቴውን አሠራር ያውቃል፣ አብሯችሁ ሊገባም ይችላል። ቋንቋው ግን የሽምግልና ነው፤ «አጥፍቷል፣ ማሩት» ነው የሚለው። ጥፋተኛ ላልሆነ ሰው ይህ አይበጅም። ለዚያ የሕግ ሰው ይሻላል። የዩኒቨርሲቲው የሕግ ትምህርት ቤት አቅም ለሌለው ሰው ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ማመልከቻችሁን አስነብቡ፣ ምክር ጠይቁ። የዚያው ዩኒቨርሲቲ ክፍል ስለሆነ በዩኒቨርሲቲው ላይ በሚቀርብ ክስ እስከ የት እንደሚሄዱላችሁ ግን አስቀድማችሁ በግልጽ ጠይቁ።

ሽምግልና ራሱስ? ጎንደር ላይ ሆኖ ሽምግልናን የሚንቅ ሰው የለም፤ እኔም አልንቅም። ሁለት የዶርም ልጆች በቻርጀር ተጣልተው ቢማቱ፣ ከኮሚቴ በፊት አንድ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ቢያስታርቋቸው አራት ዓመት አብረው ይኖራሉ። የኮሚቴ ቅጣት ያንን አያመጣም። እርቁን ግን በጽሑፍ አድርጉትና ለተማሪዎች ዲን ቢሮ ቅጂ ስጡ። አለዚያ የታረቃችሁበት ጠብ ከወር በኋላ በክስ መልክ ሊመጣ ይችላል።

ቅጣቱ ከመጣ ይግባኝ። የይግባኝ ደብዳቤ ላይ የሚጻፈው «በጣም አዝኛለሁ፣ እናቴ ድሃ ናት» አይደለም። ስህተቱ ይጻፍ። ምስክሬ አልተሰማም፣ ቅጣቱ ለዚህ ጥፋት መመሪያው ካስቀመጠው በላይ ነው፣ የተወሰነው እኔ በሌለሁበት ነው። የእናታችሁ ድህነት እውነት ነው፤ መጨረሻው አንቀጽ ላይ ይግባ።

ትንኮሳና ጥቃት

እዚህ ሽምግልና የለም። ደጋግሜ እላለሁ፣ የለም። «ልጁ ይቅርታ ይጠይቅሽና ይለቅ» የሚል ሽማግሌ ከመጣ አመስግናችሁ ሸኙት።

አስገድዶ መድፈር ከሆነ የመጀመሪያው በር ቢሮ አይደለም፤ ሆስፒታል ነው። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በቶሎ ሲጀመር ይሻላል፣ 28 ቀንም ይወሰዳል። ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያም እንዲሁ ቶሎ ሲሆን ነው ጥሩ የሚሠራው። የሚቻል ከሆነ ሳይታጠቡ፣ ልብሱን በወረቀት ከረጢት አድርጎ መሄድ ለማስረጃ ይጠቅማል። ታጥባችሁም ከሆነ ሂዱ። ፖሊስ ጋ ለመሄድ ገና ባትወስኑም ሕክምናው ይጀመር።

ፖሊስና የዲስፕሊን ኮሚቴ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ኮሚቴው ተማሪን ወይም ሠራተኛን ከግቢ ሊያርቅ ይችላል፤ ማሰር አይችልም። ፖሊስ ወንጀሉን ይመረምራል፤ ግን ነገ ጠዋት ክፍል ውስጥ ከአጠገባችሁ እንዳይቀመጥ አያደርገውም። ስለዚህ ሁለቱም ጎን ለጎን ይሂዱ። «ፖሊስ እስኪጨርስ ጠብቂ» ከተባላችሁ በጽሑፍ ይስጡኝ በሉ።

የሚያስቸግረው መምህር ከሆነ ጉዳዩ ይከፋል፤ ግሬዱ በእጁ ነው። የትምህርት ክፍል ኃላፊው ጓደኛው ሊሆን ይችላል። እዚህ የሥርዓተ ጾታ ቢሮውን ወይም የተማሪዎች ዲኑን እመርጣለሁ። መልእክቶቹን አትሰርዙ። ስክሪንሾቱ ቁጥሩንና ቀኑን ያሳይ። ቅጣቱ እስኪመጣ ሳትጠብቁ ደግሞ አንድ ነገር ለይታችሁ ጠይቁ፤ ወረቀቴን ሌላ መምህር ያርመው። ቢሮዎች «ምን እንድናደርግልሽ ትፈልጊያለሽ?» ለሚለው የተዘጋጀ መልስ ሲያገኙ ቶሎ ይንቀሳቀሳሉ።

ወንድ ተማሪዎችም ይጠቃሉ። በሩ ያው ነው፤ ሆስፒታሉም ያው።

ውሃ፣ ካፌ፣ ዶርም

ይህ የህብረቱ ሥራ ነው፤ ለፕሬዚዳንት ደብዳቤ አትጻፉ። ፕሮክተር፣ ከዚያ የህብረት ተወካይ፣ ከዚያ የተማሪዎች አገልግሎት። ውሃ የጠፋው ከግቢ ብቻ ነው ወይስ ከከተማው ሁሉ? መጀመሪያ ይህን አጣሩ። ጎንደር ላይ ሁለተኛው ከሆነ ዲኑ ራሱ ጀሪካን ይዞ ሊሆን ይችላል።

ምግብ አሞህ ከሆነ ግን የተለየ ነው። ክሊኒክ ተመዝገብ። ሃያ ሰው በአንድ ቀን በሆድ ቁርጠት ክሊኒክ ከተመዘገበ ያ ከየትኛውም አቤቱታ ይበልጣል።

ከግቢ ውጭ ያሉት በሮች

የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም፣ የሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን፣ ፍርድ ቤት፣ ፌስቡክ። በአንድ ትንፋሽ ሲጠሩ ይመሳሰላሉ፣ ግን በጣም ይለያያሉ።

እንባ ጠባቂ የአስተዳደር በደልን ያያል። በነፃ ነው፣ ጠበቃ አይፈልግም። ግን ዩኒቨርሲቲውን እንደ ፍርድ ቤት አያዝም፤ መርምሮ የመፍትሔ ሐሳብ ያቀርባል። ውስጥ ያሉትን በሮች ሳትጨርሱ ከሄዳችሁ መጀመሪያ እዚያ ጨርሱ መባል አይቀርም። ቅርንጫፉ ባሕር ዳር ነው፤ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ። መልስ ሳይሰጣችሁ ወራት ላለፉበት ጉዳይ፣ ወይም ኦሪጅናል ዲግሪ ተይዞባችሁ ምክንያቱን የሚነግራችሁ ለጠፋ ሰው ይሆናል። ለአንድ ሲ ፕላስ ግን መንገዱም ጊዜውም አያዋጣም።

ኮሚሽኑ ነገሩ ከአስተዳደር አልፎ የመብት ጥሰት ሲሆን ነው። በብሔር ወይም በሃይማኖት መለየት፣ ድብደባ፣ አካል ጉዳተኛን ማግለል። አካል ጉዳተኛ ተማሪ ደግሞ ከዚያ በፊት ግቢ ውስጥ ያለውን የድጋፍ ማዕከል ይጠይቅ። ጎንደር በማስተርካርድ ፋውንዴሽን የስኮላርሺፕ ፕሮግራም አካል ጉዳተኛ ወጣቶችን ሲያስተምር የቆየ ዩኒቨርሲቲ ስለሆነ፣ አንባቢ፣ ተጨማሪ የፈተና ሰዓት ወይም ምድር ቤት ዶርም መጠየቅ አዲስ ነገር አይሆንም።

ፍርድ ቤት ሰው እንደሚያስበው የተዘጋ አይደለም። ቅድም የጠቀስኩት የ2012ቱ አዋጅ የአስተዳደር ውሳኔ በፍርድ ቤት እንዲከለስ በር ከፍቷል። ግን የውስጡ ይግባኝ ማለቅ አለበት፣ የጊዜ ገደብም አለው፣ የሕግ ሰውም ያስፈልጋል። ከትምህርት ሙሉ በሙሉ ለተሰናበተ ሰው ያዋጣል። ከዚያ ላነሰ ነገር የምመክረው አይደለም።

ፌስቡክና ቴሌግራም ፈጣን ናቸው። ማታ የተለቀቀ ጽሑፍ ጠዋት ዲኑ ጠረጴዛ ላይ ነው። አንዳንዴም ይሠራል፣ መዋሸት አልፈልግም። የዶርም ጣራ ሲያፈስ የተለቀቀ ፎቶ ከሦስት ደብዳቤ ይፈጥናል። ሰው ስም ያለበት ጉዳይ ሲሆን ግን ተጠንቀቁ። ስም ማጥፋት በወንጀል ሕጉ ያስጠይቃል፤ ቅሬታ አቅራቢ ሆናችሁ ገብታችሁ ተከሳሽ ሆናችሁ ልትወጡ ትችላላችሁ። የብሔር ነገር ከተጨመረበት ደግሞ ከእጃችሁ ይወጣል። ግቢ ውስጥ ከአንድ ፖስት ተነስቶ የመጣ ጣጣ ያላየ ተማሪ የለም።

የሚያዳምጠው በር

አሁን ወደ እንቅልፉ።

ጎንደር ለዚህ ከብዙ ከተማ የተሻለ ነገር አላት። ዩኒቨርሲቲው በ1954 እ.ኤ.አ. የጤና ማሠልጠኛ ሆኖ ነው የጀመረው። ሆስፒታሉ የራሱ ነው፣ የአእምሮ ሕክምና ክፍልም አለው። ሌላ ከተማ ያለ ተማሪ አዲስ አበባ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ድረስ ሊሄድበት የሚችል ነገር እዚህ በባጃጅ ይደረሳል። ግን ሁሉም ሰው ሐኪም አያስፈልገውም።

ከሩቅ ለመጣ ተማሪ የቃል ኪዳን ቤተሰብ የሚባል ነገር አለ። ዩኒቨርሲቲው ተማሪውን ከጎንደር ነዋሪ ቤተሰብ ጋር ያገናኘዋል። በዓል አብረው ይውላሉ፣ እሑድ ቡና ይጠጣል። ከሶማሌ ወይም ከወላይታ መጥቶ አማርኛው ገና ለሚንተባተብ ልጅ ይህ ከማንኛውም ሥልጠና ይበልጣል። እናትየዋ «ምነው ከሳህ ልጄ?» የሚሉት ማንም ሳያስተውለው ነው። ድክመቱስ? ይጨነቃሉ፣ ሲጨነቁ ደግሞ ቤታችሁ ይደውላሉ። ቤት እንዳይሰማ የምትፈልጉት ነገር ካለ ለእነሱ አትንገሩ።

የንስሐ አባት ምሥጢር ይጠብቃሉ። ለጸጸትና ለሐዘን፣ ለ«በደልኩ» ስሜት ከእሳቸው የተሻለ አላውቅም። የኦርቶዶክሶቹ ግቢ ጉባኤም፣ የሙስሊሞቹ ጀመዓም፣ የፕሮቴስታንቶቹ ፌሎም ብቸኝነትን ይሰብራሉ። ብቻዬን ነኝ የሚል ፍሬሽማን መጀመሪያ የሚሄድበት ቦታ እነዚህ ቢሆኑ ደስ ይለኛል። ግን ሕመም ሲሆን ሕመም ነው። ጠበል ለመጠመቅ ብላችሁ የታዘዘላችሁን መድኃኒት አታቋርጡ፤ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ። አቋርጡ የሚላችሁ ሰው ካለ ስትወድቁ የሚያነሳችሁ እሱ አይደለም።

የግቢው አማካሪ መድኃኒት አያዝም። የሚያደርገው ማውራት ነው፤ ደግሞ ደጋግሞ መሄድ ይጠይቃል። አንዴ ሄዶ «ምንም አልሆነልኝም» ማለት ለእሱም ለእናንተም አይበጅም። የፈተና ፍርሃት፣ የፍቅር ስብራት፣ ዲፓርትመንት ያለፍላጎት መመደብ፣ ከ2015 ጀምሮ የመጣው የመውጫ ፈተና ጭንቀት፣ እነዚህን ለእሱ ውሰዱ። ሌላም ጥቅም አለው፤ ለትምህርት ክፍሉ የድጋፍ ደብዳቤ ሊጽፍ ይችላል። «ፋይሌ ውስጥ ይገባል» ብላችሁ ከፈራችሁ ስትገቡ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ ይህ ይሁን፤ የምነግርህን ማን ያነበዋል? ጥሩ አማካሪ በዚህ ጥያቄ አይቆጣም።

ክሊኒኩን የምጠቅሰው በአንድ ምክንያት ነው። እኛ አገር ሰው «ልቤ አዝኗል» ብሎ አይታከምም። «ራሴን ያመኛል፣ ጨጓራዬ» ነው የሚለው። መድኃኒት ወስዳችሁ፣ ምርመራው ደህና ብሎ፣ ራስ ምታቱ ካልለቀቀ ለክሊኒኩ እንቅልፋችሁን ንገሩት። ለፈተና ብላችሁ ጫት የምትይዙ ከሆነም ንገሩት፤ እንቅልፍ የነሳችሁ እሱ ሊሆን ይችላል። ሪፈር ከጻፈላችሁ ወረቀቱን ኪስ ውስጥ አታሳድሩት።

ከሁለት ሳምንት በላይ እንቅልፍ፣ ምግብ፣ የሚወዱት ነገር ሁሉ ከጠፋ ሆስፒታሉ ነው። ለድባቴ የሚሰጠው መድኃኒት ውጤቱ ለመታየት የተወሰኑ ሳምንታት ይፈልጋል። በአምስተኛው ቀን «አልሠራም» ብሎ መተው የተለመደ ነው፤ አትተዉት።

አንድ ነገር ግን ቀጠሮ አይጠብቅም። ጓደኛችሁ ስለ መሞት ካወራ፣ ዕቃውን ማደል ከጀመረ፣ ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ ከሰማ፣ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል። ሌሊት ቢሆንም ክፍት ነው። ብቻውን አትተዉት፣ መድኃኒትና ሹል ነገር ከአጠገቡ አርቁ። «ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?» ብላችሁ በቀጥታ ጠይቁ፤ መጠየቅ ሐሳቡን አይጨምርበትም። ፕሮክተር ቀስቅሱ፣ የግቢውን አምቡላንስ ጠይቁ። ቃል አስገብቷችሁ ከሆነ ቃሉን አፍርሱ።

ወረቀቱ

በየትኛውም በር ብትሄዱ የሚቀረው ወረቀት ነው። አንድ ገጽ ይበቃል። የመጀመሪያው መስመር የምትፈልጉትን ይናገር፤ «ወረቀቴ ድጋሚ እንዲታረምልኝ ስለመጠየቅ»። ከዚያ የሆነው ነገር በቀን ቅደም ተከተል። ከዚያ ያያያዛችሁት ማስረጃ ዝርዝር። ስድብ አይግባ፣ «ሙሰኛ» የሚል ቃልም አይግባ፤ ማስረጃ ካላችሁ ማስረጃው ይናገር።

ለኃላፊው በእጅ አትስጡት። መዝገብ ቤት አስገቡት፣ ገቢ ቁጥርና ቀን ያለበት ማኅተም በቅጂያችሁ ላይ አስመቱ። ግልባጭ ከአንድ በላይ ቢሮ ካበዛችሁ እያንዳንዱ «ሌላው ያየዋል» ብሎ ይተወዋል። ስለዚህ ለሚወስነው ብቻ፣ ቢበዛ ደግሞ ለእሱ የበላይ ኃላፊ። መልስ ለመጠየቅ ስትመለሱ ገቢ ቁጥሩን እንጂ ስማችሁን አትናገሩ፤ በስም ደብዳቤ የሚፈልግ ጸሐፊ አይቼ አላውቅም።

ቅጂውን ስልክ ላይ ብቻ አታስቀምጡ፤ ዶርም ውስጥ መጀመሪያ የሚጠፋው ስልክ ነው። ፎቶ አንስታችሁ ለራሳችሁ በኢሜይል፣ ለአንድ የቤተሰብ ሰው ደግሞ በቴሌግራም ላኩት፤ ዋናው ከሰርተፊኬታችሁ ጋር ይቀመጥ።